ወንድ ውሻዎ የሰው እግር ላይ ሲወጣ ምን ያድርጉ?

እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ውሻው እግሩን አቅፎ መወዛወዝ ይጀምራል። ልጆች ይስቃሉ፣ ባለቤቱ ይሸማቀቃል፣ ጩኸትና ካልቾ ይከተላል። ካልቾው ነገሩን ያባብሰዋል።

መጀመሪያ ምክንያቱን ይለዩ። ብዙ ሰው «ስሪያ ፈልጎ ነው» ይላል። በሰፈሩ ስሪያ የደረሰባት ሴት ውሻ ካለች እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ጥቂት ሳምንት የሆናቸው ቡችሎችም ሲጫወቱ አንዱ ሌላው ላይ ይወጣል፤ ሴቶችም ያደርጉታል። ብዙ ጊዜ ውሻው ደስታው ወይም ጭንቀቱ ከልክ አልፎበት ነው። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ልብ ይበሉ፦ ማን ሲመጣ ነው? ከዚያ በፊት ምን እያደረገ ነበር?

ቀጥሎ ቀድመውት ይድረሱ። ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ከመውጣቱ በፊት ሰውየውን ይዞረዋል፣ አጥብቆ ያሸታል፣ የፊት እግሩን ጣል ያደርግበታል። ያኔ ስሙን ጠርተው «ቁጭ በል!» ይበሉት፤ ሲቀመጥ ቁራሽ ሥጋ ይስጡት። ይህን አስቀድመው ቤቱ ጭር ሲል ያለማምዱት። እንግዳ ሲጠብቁ ደግሞ በማሰሪያ ይያዙት።

ከቀደመዎት አይጩኹ፣ አይምቱት። ጩኸት የበለጠ ያነሳሳዋል፤ ዱላ ያስፈራዋል፣ የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። ዝም ብለው ያውርዱትና 1 ወይም 2 ደቂቃ ለብቻው ያቆዩት። ቤተሰቡ ሁሉ እንደዚሁ ያድርግ። አንዱ እየሳቀ ሌላው ቢቆጣ ውሻው ግራ ይገባዋል።

የሰንሰለቱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። እኛ ዘንድ ብዙ ውሻ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይውላል። እንዲህ የዋለ ውሻ ሰው ሲያይ ቢቅበጠበጥ አይፈረድበትም። ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ያንሸራሽሩት። ለውጡን ራስዎ ያዩታል።

ማኮላሸትስ? ብዙዎቹን ይረዳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ የቆየ ልማድ ከዚያም በኋላ ሊቀጥል ይችላል። ካሰቡበት በእንስሳት ሐኪም እጅ፣ በማደንዘዣ ብቻ ይሁን።

ልማዱ በድንገት ከጀመረው፣ ብልቱን ደጋግሞ ከላሰ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ካለው ወይም ደም ከቀላቀለ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ያስመርምሩት። ብልቱ ወጥቶ አልመለስ ካለ ግን ለነገ አያሳድሩ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።