ሲወራ የሚያስቅ፣ ሲጻፍ የሚደርቅ ቀልድ

ረቂቁ፦ «ረዳቱ ተሳፋሪውን ጠጋ በል ሲለው ከዚህ በኋላ ያለው መስኮት ነው ቢለው፣ ታዲያ ክፈተዋ ብሎት ታክሲው ሙሉ በሳቅ ፈነዳ።»

ችግሩ ጅራቱ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «ብሎት»፣ «አለው» የሚሉት ከሚያስቀው ቃል በኋላ ይጎተታሉ። በአፍ ሲወራ ድምፅ ይሸፍናቸዋል፤ በጽሑፍ ግን ቀልዱን ያቀዘቅዙታል። «በሳቅ ፈነዳ» ደግሞ የባሰ ነው፤ አንባቢውን ቀድሞ መሳቅ!

ሲስተካከል፦

ረዳት፦ «ጠጋ በል!»
ተሳፋሪ፦ «ከዚህ በኋላ እኮ መስኮት ነው።»
ረዳት፦ «ታዲያ ክፈተዋ!»

ተናጋሪው ወደ ፊት መጣ፣ ጅራቱ ተቆረጠ። ምልልሱ ሲረዝም ቲያትር እንዳይመስል «አለ»ን መሐል ላይ መሰንቀር ይቻላል፦ «ታዲያ» አለ ረዳቱ፣ «ክፈተዋ!»