ሸፍልቦተም የማን ዘር ነው? የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም እንዴት ይፈታል

ደሴ ፒያሳ ላይ ትንሽ የትርጉምና የጽሕፈት ቤት አለኝ። የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ዲፕሎማ እተረጉማለሁ። ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ አንድ እንግሊዛዊ ልታገባ ሆነና የልጁን ፓስፖርት ኮፒ ይዛ መጣች። የቤተሰብ ስሙ ሸፍልቦተም ይላል። ጋሼ፣ አባቷ፣ ስሙን ሲሰሙ ቡናቸውን አስቀመጡ። «የማን ዘር ነው? ትርጉሙስ?» ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ የማይዳርበት አገር ነውና አልፈረድኩባቸውም። «አብሽሩ ጋሼ፣ አጣራለሁ» አልኩ።

እንዲህ ዓይነት ስም ከገጠማችሁ መጀመሪያ በጆሮ አትጻፉ። ፓስፖርቱን አስመጡና ፊደል በፊደል ገልብጡ። የእንግሊዝ ስም አጻጻፉና አጠራሩ ጭራሽ የማይተዋወቁበት ጊዜ አለ። ተጽፎ ሲታይ «ቾልሞንደሊ» የሚመስለው «ቸምሊ» ተብሎ ይጠራል። «ፌዘርስተንሃው» የሚመስለው ደግሞ «ፋንሾ» የሚባልበት ቤተሰብ አለ።

ቀጥሎ የዛሬውን መዝገበ ቃላት ዝጉት። የሙሽሪት ታናሽ ወንድም ስሙን «ሸፍል» እና «ቦተም» ብሎ ለሁለት ከፍሎ በስልኩ ተረጎመውና «መቀመጫውን የሚጎትት» ብሎ አነበበልን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ባብዛኛው ከአራት ነገር ይወጣል፦ ከአባት ስም፣ ከሥራ፣ ከቅጽል ስም ወይም ከቦታ። የቦታውን የሚያሳብቀው መጨረሻው ነው። «ተን» የእርሻ ሰፈር ነው። «ሊ» በጫካ መሀል የተመነጠረ ገላጣ። «ባይ» ቫይኪንጎች ከስካንዲኔቪያ ይዘውት የመጡት ቃል ነው፣ መንደር ማለት። «ቦተም» ደግሞ በድሮው እንግሊዝኛ የሸለቆ ወለል፣ ረባዳ መሬት ነው። ከመቀመጫ ጋር አይገናኝም!

ቦታ እንዴት የሰው ስም ይሆናል ለሚል፣ የኛኑ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አስቡ። እዚያው ለሚኖር ሰው ስሙ አይሆንም፤ ሁሉም የዚያው ነውና። ኮምቦልቻ ወርዶ ሱቅ ሲከፍት ግን «የቧንቧ ውሃው» ይሉታል። እንግሊዞቹ ይህን ልጅ በልጅ ላይ አወረሱት። የኛ ስም በየትውልዱ ይቀየራል፣ ወሎ ውስጥማ አባት አሕመድ፣ አያት ኃይለ ማርያም ሊሆን ይችላል። የእነሱ ግን ስንት መቶ ዓመት ይጓዛል።

ከዚያ ስሙ የት እንደሚበዛ ፈልጉ። በፈረንጆቹ 1881 የተካሄደው የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ የቤተሰብ ስሞችን ሥርጭት በካርታ የሚያሳዩ ገጾችም አሉ። ስሙ ብርቅ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ስሚዝ ብትሉ አገሩ ሁሉ ስሚዝ ነው። ብርቅ ስም ግን ከተወለደበት ብዙ አይርቅም። የኛው ወደ ላንካሻየር ወሰደን፣ ከማንቸስተር በስተሰሜን። እዚያው ቤሪ ከተማ አጠገብ ሺፐርቦተም የሚባል ቦታ ነበር። የድሮ አጻጻፉ ሲፈታ «በግ የሚታጠብበት ሸለቆ» ሆኖ አረፈው። በጎቹን ከመሸለታቸው በፊት ወንዝ ገድበው ያጥቡ ነበር። በኋላ ትርጉሙ ሲረሳ ሰው አፉ ወደለመደው ቃል ሳበውና «ሸፍል» ሆነ።

የድሮ አጻጻፍ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። በፈረንጆቹ 1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዋና ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ አዘዘ። ካህኑ የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ ባለስሙም ብዙ ጊዜ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ አንዱን አጻጻፍ ብቻ ፈልጋችሁ «የለም» አትበሉ። ሸፍልቦተም፣ ሺፐርቦተም፣ ሹቦተም እያላችሁ ሞክሩ። ከ1837 ወዲህ ያለው የመንግሥት ምዝገባ ስለሆነ ይቀላል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የአክስቴ ልጅ «የሸፍልቦተም ቤተሰብ ዓርማ» በፍሬም የሚሸጥ ድርጅት አግኝታ ልትከፍል ካርዷን አውጥታ ነበር። አስቆምኳት። በእንግሊዝ ዓርማ የሚሰጠው ለሰውና ለዘሩ እንጂ ለስም አይደለም። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ዓርማው ያንተ አይሆንም።

ውጤቱን ለጋሼ ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ለጋምቦ ነው ያደጉት፣ ባና ሲሠራ እያዩ። «ታዲያ በግ ሳይታጠብ ይሸለታል እንዴ!» አሉ። ቀጥለው የልጁ ቤተሰቦች ስንት በግ እንዳላቸው ጠየቁ። ልጁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

የሠርጉን ጥሪ ወረቀት ለማተሚያ ቤቱ በስልክ አስነገርን። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በጽሑፍ መስጠት ነበረብኝ። «ሻፍል ቦቶም» ብለው አተሙት፣ 400 ቅጂ። ኬኩ ላይ ደግሞ «ሸፈልቦታም» ተብሎ መጣ።