ያረጀ የድርጅት ሶፍትዌር መቼ ይቀየር? ውሳኔውን የሚያበላሹ ስህተቶች

በብዙ መካከለኛ ድርጅቶች ሒሳቡ በፒችትሪ ይያዛል። ደመወዙ በአክሰስ ወይም በቪዥዋል ቤዚክ 6 በተሠራ ፕሮግራም ይሰላል፤ የስቶር ሚዛኑ ደግሞ በኤክሴል ነው። ሁሉም ይሠራሉ፤ ውሳኔውን የሚያከብደውም ይህ መሥራታቸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ወይ ያለጊዜው የሚያስቀይሩ፣ ወይ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚያባንኑ ናቸው።

በዕድሜው ወይም በመልኩ መፍረድ

ፕሮግራም ስለቆየ ብቻ አይበላሽም። ግራጫ መስኮትና የድሮ አዝራር ያለው ሶፍትዌር ከአዲሱ በበለጠ ትክክል ሊያሰላ ይችላል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ሕግ ወይም ገበያ የሚያመጣው ቀጣይ ለውጥ በስንት ቀንና በስንት ብር ይገባል?

ጥሩ መፈተኛ የደመወዝ ፕሮግራሙ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገ፤ እርከኖቹንም ቀየረ። የግብር ሰንጠረዡ የሒሳብ ሠራተኛ ራሱ በሚሞላው ቅጽ ላይ ከሆነ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። በኮዱ ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ ግን ፕሮግራመሩን ፍለጋ ይጀመራል። እስኪገኝ ድረስ ግብሩ በኤክሴል ይሰላና «ሌላ ተቀናሽ» በሚለው ሳጥን በእጅ ይገባል። ይህ ለአንድ ወር ቢሆን ችግር የለውም። ቋሚ አሠራር ከሆነ ግን ሶፍትዌሩ ማስላት አቁሟል፤ የቀረው ማተሚያነቱ ነው።

ስለዚህ ያለፉት 12 ወራት የለውጥ ጥያቄዎችን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ መቼ ተጠየቀ፣ መቼ አለቀ፣ ስንት ተከፈለ፣ እስከዚያ በእጅ ምን ተሠራ። ከአቅራቢው ማብራሪያ ይልቅ ይህ ወረቀት ብዙ ይናገራል።

የታችኛውን ክፍል (ዊንዶውሱንና የመረጃ ማከማቻውን ዳታቤዝ) ከላይኛው (ከፕሮግራሙ) ጋር ማምታታት

የማይክሮሶፍት ድጋፍ በዊንዶውስ 7 ላይ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ በዳታቤዝ ፕሮግራሙ በኤስኪውኤል ሰርቨር 2012 ላይ ጁላይ 12 ቀን 2022፣ በዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። በማግስቱ ምንም ስለማይቆም ነገሩ ይረሳል፤ የሚቆመው የደኅንነት ማስተካከያው ነው። የኢንተርኔት ባንኪንግ የሚከፈትበትና ከየቦታው የመጣ ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒዩተር ከሆነ ነገ የማይባል ጉዳይ ነው። ነገር ግን ይህ ብቻውን አዲስ ሶፍትዌር ለመግዛት ምክንያት አይሆንም። ብዙ ጊዜ ዊንዶውሱንና ዳታቤዙን ብቻ ከፍ አድርጎ ነባሩን ፕሮግራም ማስቀጠል ይቻላል፤ መጀመሪያ በሌላ ማሽን ላይ ይሞከር።

የመጠን ጣሪያም አለ። የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አያልፍም፤ ነፃው ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ እስከ 2022 እትሙ ድረስ በአንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ነው (በ2025 እትሙ 50 ሆኗል)። ሲሞላ ደረሰኝ በሚቆረጥበት ሰዓት መመዝገብ እምቢ ይላል። በየወሩ መጠኑን ይመዝግቡ፤ 7 ጊጋባይት ደርሶ በወር 100 ሜጋባይት የሚያድግ ከሆነ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ አለዎት ማለት ነው፤ መደናገጥ አያስፈልግም።

ሶርስ ኮዱ በማን እጅ እንዳለ አለመጠየቅ

ሦስት ነገር ይፈለጋል፦ ሶርስ ኮድ (ፕሮግራመሩ የጻፈው ዋናው ኮድ)፣ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል፣ የአጫጫን መመሪያ። ፈተናው ቀላል ነው፤ ባዶ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራሙን ጭነው የትናንቱን ባክአፕ ይመልሱና ያለፈውን ወር ደመወዝ ያትሙ። በአንድ የሥራ ቀን ካልተቻለ፣ ሶፍትዌሩ ዛሬ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። አንድ ሃርድ ዲስክ ሲቃጠል አብሮ ይሄዳልና።

ፊደሉንና ቀኑን ሳይፈትሹ መዋዋል

አቅራቢዎች በማሳያው ላይ የማይነኩት፣ በዝውውር ጊዜ ግን ሳምንታት የሚበላው ይህ ነው።

አማርኛ በዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ብዙ መረጃ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በተባሉት የቆዩ የአማርኛ መጻፊያዎች ተጽፏል። በእነዚህ ፊደላቱ የተቀመጡት በላቲን ፊደላት የኮድ ቁጥሮች ላይ ስለሆነ፣ ፎንቱ ሲነሳ የሠራተኛው ስም የምልክት ክምር ይሆናል። የመቀየሪያ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፤ የእያንዳንዱ ፎንት ሰንጠረዥም ይለያያል። አዲሱ ዳታቤዝ በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከሆነ የስም ዓምዶቹ ኤንቫርቻር (ዩኒኮድ የሚቀበል የዓምድ ዓይነት) መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ በተለመደው የቫርቻር አደረጃጀት አማርኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከዚያም አይመለስም።

ዩኒኮድ ሆኖም ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ለኮምፒዩተር አራት ሰዎች ናቸው። ደንበኛን በስም ሳይሆን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሠራተኛን በመታወቂያ ቁጥር ያገናኙ።

ቀኑ ይብሳል። በድሮው ፕሮግራም የኢትዮጵያ ቀን እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀምጦ ከሆነ፣ ጥቅምት 30 ማለትም 30/02 በፈረንጅ ቀን ዓምድ ውስጥ አይገባም፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና ውድቅ ይደረጋል። ይህስ ይታያል። አደገኛው ጳጉሜ 5 ነው፤ 05/13 ሲባል በአሜሪካ አጻጻፍ ሜይ 13 ተብሎ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይገባል። ከመዋዋልዎ በፊት ጥቅምት 30ን፣ ጳጉሜ 5ንና በዘመነ ሉቃስ የምትውለውን ጳጉሜ 6ን የያዙ 50 እውነተኛ መዝገቦች ሰጥተው አቅራቢው ሲያዛውር ይዩ።

የላይሰንሱን ዋጋ ብቻ መደመር

መረጃ ማጽዳት፣ ሥልጠና፣ ሁለቱን ሲስተሞች ጎን ለጎን የማስኬጃ ትርፍ ሰዓት፣ ዓመታዊ እድሳት አብረው ይሰሉ። እድሳቱ በዶላር ከሆነ ሐምሌ 2016ን ያስታውሱ፤ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

በአንድ ሌሊት መሻገር

የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 የ5 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞቹን መረጃ በአንድ የሳምንት መጨረሻ ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። መረጃው በደህና ተሻገረ፤ ሲስተሙ ግን ሥራውን ሊሸከም አልቻለም፣ ደንበኞችም ከሒሳባቸው ውጪ ተቆለፈባቸው። በ2022 ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

እኛ ዘንድ ሒሳብ ሠራተኞች ሐምሌ 1ን ይመርጣሉ፤ የመክፈቻ ሚዛኑ ንጹሕ ስለሚሆን ልክ ናቸው። ግን የዓመት መዝጊያ ጭንቀት ላይ አዲስ ሲስተም መጨመር ከባድ ነው። የደንበኞች፣ የዕቃዎችና የሠራተኞች ዝርዝር በሚያዝያ ይግባ፤ የግንቦትና የሰኔ ደመወዝ በሁለቱም ይሠራ፤ ለሐምሌ 1 ሚዛኖቹ ብቻ ይቅሩ። የሚነጻጸረው ጠቅላላ ድምር ብቻ አይደለም፦ የእያንዳንዱ ሠራተኛ የተጣራ ክፍያ እስከ ሳንቲሙ፣ የእያንዳንዱ ደንበኛ ዕዳ፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ብዛት። ድምሩ ገጥሞ ሁለት ሰዎች ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል።

የድሮውን ሲስተም ወዲያው አይጣሉት። በቨርችዋል ማሽን (በኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒዩተር በሚሠራ ፕሮግራም) ለንባብ ብቻ ያስቀምጡት፤ የየዓመቱን ሌጀር በፒዲኤፍና በኤክሴል አውጥተው ከቢሮው ውጪ ሌላ ቅጂ ይያዙ። የግብር ኦዲተር የሚጠይቀው የዘንድሮውን ብቻ አይደለም።