መልሱን ከመንካታችሁ በፊት አዚሙት

በጆሮ ማሠልጠኛ ሶፍትዌር ሙዚቃ የምትማሩ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ ሁለት ኖታ አሰምቶ በመካከላቸው ያለውን የከፍታ ርቀት ሲጠይቃችሁ ቶሎ ብላችሁ መልስ አትምረጡ። መጀመሪያ ሁለቱንም በድምፃችሁ አዚሟቸው። ድምፃችሁ ባያምርም ችግር የለውም፤ ዋናው ትክክለኛው ከፍታ ላይ መድረሱ ነው። ማዜም ካቃታችሁ ገና በደንብ አልሰማችሁትም ማለት ነው። ደግማችሁ አጫውቱት።

ሌላው ደግሞ፣ ሁሉንም ኢንተርቫሎች (በሁለት ኖታ መካከል ያሉ የከፍታ ርቀቶች) በአንዴ አትክፈቱ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ይመስለኛል። እንደ ጂኤንዩ ሶልፌጅ ባሉ ነፃ ፕሮግራሞች የትኞቹ እንዲመጡላችሁ እንደምትፈልጉ መምረጥ ትችላላችሁ። በፐርፌክት ፎርዝና በኦክታቭ ጀምሩ። የመጀመሪያው 5 ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ ጥቁሩንም ነጩንም ቆጥሮ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት)፣ ሁለተኛው 12 ስለሆነ ልዩነታቸው ቶሎ ይሰማል። እነሱን ሳትሳሳቱ መለየት ስትችሉ ፐርፌክት ፊፍዝን ጨምሩ፤ 7 ግማሽ ድምፅ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ትቸገራላችሁ። ፎርዝ ሲገለበጥ፣ ማለትም የታችኛው ኖታ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ፊፍዝ ስለሚሆን ሁለቱ ጆሮ ላይ ይምታታሉ። አትደንግጡ፣ ጥቂት ቀን ስጡት።

ወደ ላይ ሲወጡ የለያችኋቸውን ወደ ታች ሲወርዱም ሞክሩ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በጣም ይሻላል።