ለሊንክድ ሊስታችሁ ቴይልም ያዙለት

በፓይተን ሲንግሊ ሊንክድ ሊስት (እያንዳንዱ ኖድ፣ ማለትም የዳታ ቁራጭ፣ ቀጣዩን ብቻ የሚጠቁምበት ሰንሰለት) የምትጽፉ ከሆነ የመጀመሪያውን ኖድ ከሚጠቁመው ከሄዱ ጎን የመጨረሻውን የሚጠቁመውን ቴይሉንም ያዙ። ሄድ ብቻ ካለ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ኖድ ለመጨመር በየጊዜው ከመጀመሪያው ተነስቶ ሁሉንም ማለፍ ግድ ነው። ይህ ኦ(ኤን) ነው፤ ማለትም ሊስቱ በረዘመ ቁጥር ሥራውም አብሮ ያድጋል። 1,000 ኖዶችን በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ብትጨምሩ ወደ ግማሽ ሚሊዮን እርምጃ ይፈጃል። ቴይል ካለ ግን እያንዳንዱ ጭማሪ ኦ(1) ነው፤ ሊስቱ ቢረዝምም ሥራው ያው ነው።

ጣጣው የሚመጣው ስትሰርዙ ነው። የመጨረሻው ኖድ ከወጣ ቴይሉ ከሱ በፊት ወደነበረው መዞር አለበት። ሊስቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ሄዱም ቴይሉም «ኖን» (በፓይተን «ምንም የለም» ማለት) ይሁኑ። ቴይሉን ከረሳችሁት ቀጣዩ ጭማሪ ከሊስቱ በወጣ ኖድ ላይ ይንጠለጠላል። ኤረር እንኳ አታዩም፤ ዳታው ዝም ብሎ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ባግ ነው ሰው የሚያናድደው!

ደግሞ እንዳትሸወዱ፦ ቴይል መኖሩ የመጨረሻውን ኖድ መሰረዝን አያፈጥንም። ኖዱ የሚያውቀው ቀጣዩን እንጂ ከሱ በፊት ያለውን አይደለም። ስለዚህ አሁንም ኦ(ኤን) ነው። ከሁለቱም ጫፍ ቶሎ ቶሎ የምታወጡ ከሆነ ኖዱ ቀጣዩንም ከሱ በፊት ያለውንም የሚያውቅበት ደብሊ ሊንክድ ሊስት ይሻላል። ለልምምድ ካልሆነ ግን ከሁለቱም ጫፍ ቶሎ መጨመርና ማውጣት የሚያስችል የራሱ የፓይተን «ዴክ» አለላችሁ።