ሽንት ቤቱ ውሃ አልስብ ሲላችሁ

ሽንት ቤቱን ስትለቁት ውሃው እየዞረ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ባንዴ ድፉበት። በደንብ ከወረደ መስመሩ ደህና ነው። የተደፈኑት ከጠርዙ ስር ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። እኛ አቃቂ አካባቢ የምንጠቀመው የጉድጓድ ውሃ ስለሆነ፣ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር (ኖራ) እዚያም ይጋገራል።

ማታ ግማሽ ሊትር አቼቶ ለብ አድርጉና (እንዳይፈላ፣ ሴራሚኩ ሊሰነጠቅ ይችላል) የኋላውን ታንክ ክዳን አንስታችሁ መሃል በቆመው ክፍት ቱቦ ውስጥ አፍስሱት። አሲዱ ሌሊቱን ኖራውን ያሟሟዋል። ጠዋት ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጎርጎር አድርጋችሁ ልቀቁት።

በረኪና ግን አደራ አትጨምሩበት! ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። የባልዲው ውሃም አልወርድ ካለ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የሚያስፈልጋችሁ መምጠጫ መኪና ነው።