የዘር ፈሳሽ ውስጥ የቢ12 ተሸካሚ ፕሮቲኖችን ለመለካት ናሙናውን እንዴት እናዘጋጅ?

ቫይታሚን ቢ12 ሰውነት ውስጥ ብቻውን አይዞርም፣ ተሸካሚ ፕሮቲን አለው። የወንድ ዘር ፈሳሽ ውስጥ የምንፈልገው ሁለቱን ነው፤ ትራንስኮባላሚንና ሃፕቶኮሪን። ትራንስኮባላሚን ቢ12ን ወደ ሴል የሚያስገባው ነው። ሃፕቶኮሪን ግን በምራቅ፣ በእንባ፣ በጡት ወተትና በነጭ የደም ሴሎች ውስጥም አለ። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሌላ ቦታ የነበረ ሃፕቶኮሪን ናሙናው ውስጥ ከገባ ማሽኑ ለይቶ አያውቀውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ናሙና የሚሰጠውን ሰው ሳታፍሩ አናግሩት። ከ2 እስከ 7 ቀን ዘር ሳያፈስ ይቆይ። እጁን ታጥቦ ያድርቅ። ቅባትም ሆነ ተራ ኮንዶም አይጠቀም፤ ምራቅ ደግሞ በፍጹም! ይቺን ብዙ ሰው ማስረዳት ያፍራል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ለእሷ ነው። ከብልቃጡ ውጭ የፈሰሰ ናሙና ካለም ይንገራችሁ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚወጣው በብዛት ከፕሮስቴት ስለሆነና የኋላው ከሌላ እጢ ስለሚመጣ፣ አንዱ ከጎደለ የምትለኩት ሌላ ፈሳሽ ነው።

ናሙናው ሲመጣ እንደ ጄል የረጋ ነው። በ37 ዲግሪ አስቀምጡትና ጠብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ብልቃጡን ዘንበል ስታደርጉት ጓል ሳይታይበት ወጥ ሆኖ ከወረደ ደርሷል። ከዚያ ነጭ የደም ሴሎችን ቁጠሩ። በ1 ሚሊ ሊትር ከ1 ሚሊዮን በላይ ከሆኑ መዝግቡት፣ ሃፕቶኮሪኑ የእነሱም ሊሆን ይችላል።

አሁን በሴንትሪፉጅ (ናሙናውን በፍጥነት አሽከርክሮ ሴሎቹን ወደ ታች በሚያስቀምጥ ማሽን) በ1000 ጂ፣ ማለትም በመሬት ስበት 1000 እጥፍ ኃይል፣ ለ10 ደቂቃ አሽከርክሩት። ከላይ ያለውን ብቻ፣ ከታች የተቀመጠውን ሳትነኩ፣ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፤ ፈሳሹ ወፍራም ስለሆነ ከተቻኮላችሁ ፒፔቱ አየር ይስባል። ጠብታ በማይክሮስኮፕ እዩ። ሴል ከቀረ ድገሙት። ሳትለዩ ፍሪዘር ውስጥ እንዳትከቱ፤ በረዶው ሴሎቹን ያፈነዳና ውስጣቸው ያለው ሁሉ ይቀላቀላል። የተለየውን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ፣ ከብርሃን ከልላችሁ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ።

ልኬቱ ላይ በኮባልት 57 (ጨረር በሚያመነጭ ኮባልት) ምልክት የተደረገበት ቢ12 ትጨምራላችሁ። ከተሸካሚ ፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀውን ቢ12 አልቡሚን በሚባል ፕሮቲን የተሸፈነ ከሰል ይሰበስበዋል፣ የተጣበቀው ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱን ፕሮቲኖች ለመለየት ኮቢናማይድ የሚባለውን ቢ12 መሳይ ውህድ ቀድማችሁ ጨምሩ። ሃፕቶኮሪን ቢ12 የሚመስል ነገር ሁሉ ስለሚይዝ በእሱ ይሞላል፤ ትራንስኮባላሚን መራጭ ስለሆነ ቦታው ባዶ ይቆያል። በዚህ መንገድ የሚለካው ግን ባዶ የሆነው ቦታ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ቢ12 የተሸከመው ፕሮቲን አይታይም፣ ስለዚህ ውጤቱን «ጠቅላላ መጠን» ብላችሁ አትጻፉ።